ዘሩ የማን ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ጥር ወር ለሽምግልና ደብረ ወርቅ ሄጄ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ዓባይን ተሻግሮ፣ ከደጀን በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው ደብረ ወርቅን ያውቃታል። የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ የደብረ ወርቅ ማርያም ሀገር፤ በዙሪያዋ ቅኔ የሚቆጠርባት፣ የቆሎ ተማሪ የማይጠፋባት።

የሄድንበት ጉዳይ ቀላል ይመስል ነበር። የወንድሜ ልጅ አንዲት መምህርት ወድዶ «ሽማግሌ ላኩልኝ» አለን። ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት ግን፣ የሀገሩ ደንብ ነውና፣ ዘር ይቆጠራል። ይህን የሚያውቁልን አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ቡናው እየተፈላ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ በአባቷም በእናቷም በኩል እስከ ሰባት ቤት ወጥተው ወረዱ። የሥጋ ዝምድና አልተገኘም። እኛም «እሰየው» ብለን ወደ ጥሎሹ ወሬ ልንገባ ስንል መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩ እንጂ። የልጅቱ ወንድምስ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሟን እኔም አውቀዋለሁ። ቅኔ ቤት የነበረ ልጅ ነው። ከአራት አምስት ዓመት በፊት ሳል ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ከዚያ ጠበል ተጠመቀ። ከዚያ እናቱ በማር ለውሳ የምታውቀውን ሁሉ አዋጠችው። በዚህ መሀል ወራት አለፉ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ቲቢ ነው ተባለና የተለመደው የስድስት ወር መድኃኒት ተጀመረለት። አልተሻለውም። አክታው ወደ ትልቅ ከተማ ተልኮ ሲመረመር የተገኘው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ልጁ ከዚያ በፊት የቲቢ ክኒን በአፉ ዞሮ አያውቅም። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ። ሃያ ወር ያህል ታከመ፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወሮች በመርፌ ጭምር። ዳነ። መርፌው ግን ጆሮውን ይዞት ሄደ። ቅኔ ደግሞ በጆሮ የሚማሩት ትምህርት ነው፤ መምህሩ ይዘርፋሉ፣ ተማሪው ሰምቶ ይቀበላል። ልጁ ዳነ፤ የቅኔ ቤቱ በር ግን ተዘጋበት።

መሪጌታ ቀጠሉ። «አጎቱም በሳል ነው የሞተ። የአባቱም እናት እንደዚያው። ዘራቸው ውስጥ አለ። የልጅ ልጆቻችንን አውቀን እሳት ውስጥ እንክተት?»

ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚሰማው ንቀት ነው። እኔንም የተሰማኝ እሱ ነው። ሌሊቱን ሳስበው ግን መሪጌታ ያዩት ነገር ልክ ነበር፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። ከአንድ ቤት አያት ትሞታለች፤ ቀጥሎ አጎት፤ ቀጥሎ ልጅ ይታመማል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው «በዘር ነው» ቢል ምን ይፈረድበታል? ከመሪጌታ ይልቅ ብዙ መጻሕፍት የነበሯቸው የሰሜን አውሮፓ ሐኪሞችም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አብዛኞቹ የሚሉት ይህንኑ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ከወላጅ የሚወረስ ድካም ነው ይሉ ነበር። ሮበርት ኮኽ መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ቆሞ የበሽታውን ተህዋስ እስኪያሳያቸው ድረስ ማለት ነው። አያቲቱ ለአጎትየው ያወረሱት ደም አልነበረም። አብረው የተነፈሱትን አየር ነው። መስኮት በሌለው ቤት፣ በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ጭስ ሥር።

እንግዲህ ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ «መሪጌታ ተሳሳቱ፣ ሳይንስ ረታ» ብለን በተለያየን ነበር። ነገር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የሆነው ነገር የመሪጌታን ቃል ገልብጦ ወደ እውነት መልሶታል። ዘርስ አለ። ዘሩ ግን የተህዋሱ ነው እንጂ የበሽተኛው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተህዋሱ የሚባዛው ለሁለት እየተከፈለ ነው። በተከፈለ ቁጥር የገዛ ራሱን የዘር ጽሑፍ ይገለብጣል። ጽሑፉ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ ሙሉው ተነቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1998 ነው። እንደ ብራና ገልባጭ ሁሉ ተህዋሱም አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። ብዙ አይደለም፤ በአንድ የትውልድ መስመር ላይ በሁለት ዓመት አንድ ፊደል ቢስት ነው። የሳተውን ግን አያርምም፤ ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል። የብራና ነገር የሚያውቅ ሊቅ በሁለት መጻሕፍት ላይ፣ በዚያው ገጽ፣ ያችኑ ስሕተት ሲያገኝ ምን ይላል? «እነዚህ ከአንድ እናት መጽሐፍ የተገለበጡ ናቸው» ይላል። የዘረመል ተመራማሪዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የሁለት ሕሙማንን ተህዋስ ፊደል በፊደል ያነባሉ። ልዩነቱ አምስት ፊደል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በቅርብ ጊዜ የተላለፈ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ከአሥራ ሁለት ካለፈ ሁለቱ ሰዎች አንዱ ለሌላው አልሰጠም ለማለት ይደፍራሉ። መሪጌታ በጣታቸው ሰባት ቤት እንደሚቆጥሩት፣ እነዚያ በፊደል ይቆጥራሉ።

ከሚሳቱት ፊደላት አብዛኞቹ ለተህዋሱ ጥቅምም ጉዳትም የላቸውም። አንዳንዱ ግን ዕጣ ያወጣለታል። ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የሚያስጥሉት ስሕተቶች በአብዛኛው የሚገኙት ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ መካከል 81 ፊደላት ብቻ በያዘች አንዲት ቦታ ላይ ነው። በመቶ ሚሊዮን ተህዋስ መካከል እንዲህ ያለ ዕድለኛ አንድ ቢገኝ ነው። አይሶናያዚድን የሚቋቋም ደግሞ ከሚሊዮን አንድ ያህል ይገኛል። ችግሩ፣ በቲቢ የተቦረቦረ ሳንባ ውስጥ መቶ ሚሊዮን ተህዋስ መኖሩ ብርቅ አለመሆኑ ነው። አንድ መድኃኒት ብቻ የሰጠህ እንደሆነ ደካሞቹን ገድለህ ለዚያ ለዕድለኛው ቤቱን ለቀቅህለት ማለት ነው። ሁለት ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ስትሰጥ ግን ሁሉንም የሚያመልጥ አንድ ተህዋስ ለማግኘት ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። ክኒኑ የሚበዛው ለዚህ ነው። «ሁለቱን ትቼ አንዱን ልዋጥ» የማይባለውም ለዚህ ነው።

ይህን ዓለም የተማረው በሰው ሕይወት ነው። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኘ። እንግሊዞች ከ1947 ጀምረው በ107 ሕሙማን ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1948 አወጡ። 55ቱ መድኃኒቱን አገኙ፤ 52ቱ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ታከሙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሞቱ። ተአምር ነው ተባለ። አምስት ዓመት ሲሞላ ግን መድኃኒት ካገኙት 32፣ ካላገኙት 35 ሞተው ነበር። ልዩነቱ የት ገባ? ተህዋሱ በብዙዎቹ ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱን ተላምዶት ነበር። ስለዚህ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የዛሬ ወይም የድሃ ሀገር ፈጠራ አይደለም። ከመጀመሪያው መድኃኒት ጋር አብሮ የተወለደ መንትያ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ፣ በሽተኛው በጤና ሠራተኛ ፊት መድኃኒቱን የሚውጥበት አሠራር በሙከራ የተጀመረው በ1992 በአርሲና በባሌ ነው። ከ2003 እስከ 2005 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ ሁለቱን ዋና መድኃኒቶች የተላመደ ቲቢ ከአዲስ ሕሙማን 1.6 በመቶ፣ ቀድሞ ታክመው ከነበሩት ደግሞ 11.8 በመቶ ላይ ተገኘ። እንግዲህ ቁጥሩ ታወቀ፤ መድኃኒቱ ግን አልነበረም። የእነዚያን ዓመታት በሽተኛ ዕጣ አስቡት። ምርመራው ስሙን ይነግረዋል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቤቱም ልጆቹ አሉ።

በሩ የተከፈተው በ2009 ነው። አዲስ አበባ እንጦጦ ሥር ባለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ግሎባል ሄልዝ ኮሚቲ የተባለው ድርጅት በካምቦዲያ ያካበተውን ልምድ ይዞ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ሕክምናውን ጀመረ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተከተለ። በ2015 የታተመው የመጀመሪያዎቹ 612 ሕሙማን ታሪክ እንዲህ ይላል፦ 78.6 በመቶው ሕክምናው ተሳካላቸው፤ 13.9 በመቶው ሞቱ። አልጋ ጠባብ፣ ምግብ ውድ፣ መንገድ ሩቅ በሆነበት ሀገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበዛባቸው 30 ሀገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያን አወጣት። ከቲቢው ጠቅላላ ዝርዝር ግን ስማችን አልወጣም።

አሁን ወደ ዘር ቆጠራው ልመለስ። በ2013 ርቡማ ፍርዴሳና ባልደረቦቹ፣ ከእነሱም መካከል የአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋሙ ዶክተር አብርሃም አሰፋ ይገኙበታል፣ ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው አንድ ያልታሰበ ነገር አወጡ። የዓለም የቲቢ ተህዋስ እስከዚያ ድረስ በስድስት ዋና ዋና ነገዶች ይከፈል ነበር። እነሱ ከወልድያ አካባቢ ከመጡ ናሙናዎች ውስጥ ከስድስቱም የማይገጥም ነገድ አገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ጅቡቲ ላይ የዚሁኑ ዘመድ አይተው ነበር። ሰባተኛው ነገድ ተባለ። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይገኝም፤ የተገኘም እንደሆነ ከዚሁ በሄደ ሰው ላይ ነው። በ2016 ያጠኑት ሰዎች «ኤትዮፕስ ቬቱስ»፣ አሮጌው ኢትዮጵያዊ ማለት ነው፣ የሚል ስም ይሰጠው አሉ። ከዚያ ወዲህ ስምንተኛና ዘጠነኛ ነገዶችም በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ተገኝተዋል።

ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለም። የቅኝ ግዛት ሐኪሞች ሲጽፉ የኖሩት አፍሪካ ቲቢን የማታውቅ «ድንግል አፈር» ነበረች፣ ነጭ ሲመጣ በሽታው መጣ፣ ጥቁሩም ያልለመደው ነውና ረገፈ እያሉ ነው። በ2015 ኢኛኪ ኮማስና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን ናሙናዎች ፊደል ቆጥረው ይህን ታሪክ አፈረሱት። ተህዋሱ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው ብዙ ቀድሞ እዚሁ ነበር። ሌሎቹ ነገዶች ደግሞ በየዘመኑ፣ ከንግዱና ከስደቱ ጋር፣ ተራ በተራ ገብተዋል። የሀገራችንን የሕክምና ታሪክ አብረው የመረመሩት እነዚሁ ጸሐፊዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቲቢ በኢትዮጵያ ብርቅ ነበር ይላሉ። ታዲያ ነባሩ ተህዋስ ምነው በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ተነሣ? ከተማ መጣ፤ ሰፈር ተጨናነቀ፤ ከውጭ የገቡትም ነገዶች ተደመሩ። ይህ የሁሉም መነሻ ስንት ዘመን እንደሆነ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። አንዱ ወገን 70,000 ዓመት ሲል፣ በ2014 የፔሩን ጥንታዊ አጽሞች የመረመረው ወገን ከ6,000 ዓመት አይበልጥም ብሏል።

በሰባተኛው ነገድ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኛን የሚመለከተን እሱ ነው። ሰሎሞን ይመርና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል ሠርተው በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ነገድ የያዛቸው ሕሙማን ወደ ሕክምና የሚመጡት ከሌሎቹ ይልቅ ዘግይተው ነው። ተህዋሱ በቤተ ሙከራም ሲታይ አዝጋሚ ነው። ሰውዬውን አይጥለውም፤ እያሳለ ያርሳል፣ እያሳለ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ እያሳለ ገበያ ይውላል። የአገሬ ሰው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል። ሳል ደብቆ አይደበቅም ለማለት ነው። ይኸኛው ተህዋስ ግን ተረቱን ያሸነፈ ይመስላል፤ ሳልን ያለማምደናል።

መድኃኒት የተላመዱት ግን በብዛት ከዚህ ከነባሩ ነገድ አይደሉም። ከአማራ ክልል የተሰበሰቡ 45 መድኃኒት የተላመዱ ተህዋሶች ሙሉ ጽሑፋቸው ተነቦ በ2023 ሲታተም፣ ሚዛኑን የደፉት አራተኛውና ሦስተኛው ነገዶች ናቸው፤ ኋላ ከመጡት ማለት ነው። ትልቁ ቁም ነገር ግን የነገዱ ስም አይደለም። ብዙዎቹ እርስ በርስ የቅርብ ዘመድ ሆነው መገኘታቸው ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ የጎንደሩ በላይ ተሰማና ባልደረቦቹ ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 244 የቲቢ ናሙናዎችን አጥንተው በ2013 ሲያወጡ፣ ወደ እኩሌታ የሚጠጉት መንትያ ነበራቸው።

የዚህን ትርጉም በደንብ እናስተውል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበትን ሰው ስናይ «ክኒኑን አቋርጦ ነው፣ የሥራውን አገኘ» ማለት ልማዳችን ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሕክምና ተቋርጧል፤ ወይ መድኃኒት ጠፍቷል፤ ወይ መንገድ ተዘግቷል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ተህዋሱ አንድ ጊዜ ከተላመደ በኋላ እንደማንኛውም ቲቢ በትንፋሽ ይሄዳል። ሁለት ሰዎች ሙሉ ጽሑፉ ከሞላ ጎደል አንድ የሆነ፣ ያንኑ ስሕተት የያዘ ተህዋስ ከተገኘባቸው ሁለቱም በየግላቸው አጥፍተዋል ማለት ያዳግታል። አንዱ ከሌላው፣ ወይም ሁለቱም ከሦስተኛ ሰው ተቀብለውታል። የደብረ ወርቁ ልጅ ክኒን በአፉ ዞሮ አያውቅም ያልኩት ለዚህ ነው። እሱ ያቋረጠው መድኃኒት የለም። ሌላ ሰው የጀመረውን ጽሑፍ ነው ያነበቡለት።

የዘር ቆጠራው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ የኛንም ልጆች ይነካልና። በ2016 የስዊስ ሐኪሞች በስደተኞች ላይ ፊደሉ የሚገጥም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አገኙ። ለሌሎቹ የአውሮፓ ሀገሮች አስታወቁ። በ2018 ጥናቱ ሲታተም በተለያዩ ሀገሮች የሚኖሩ 29 ሰዎች የአንድ ተህዋስ ቤተሰብ ሆነው ተገኙ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአፍሪካ ቀንድና ከጎረቤቱ የተነሡ ናቸው። በየት እንዳለፉ ሲጠየቁ መንገዳቸው አንድ ቦታ ላይ ተገናኘ፦ ሊቢያ ውስጥ፣ ባኒ ዋሊድ። ደላሎች ስደተኛውን እንደ እህል ጆንያ በመጋዘን የሚያጭቁበት ከተማ ነው። ጋዜጣ «ስደተኞች በሽታ ይዘው መጡ» ሊል ይችላል። የተህዋሱ ፊደል ግን ሌላ ነገር መሰከረ። በሽታውን በብዛት የተቀባበሉት በጉዞው ላይ፣ በዚያ እስር ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። እዚያም ቢሆን ጥፋተኛው ዘር አልነበረም። የተዘጋ በር ነበር።

በማግስቱ ከዚህ ሁሉ ያን ጊዜ የሚታወቀውን፣ እንዲህ አጣፍጬ ባይሆንም፣ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። የብራናውን ምሳሌ ወደዱት። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ ግን የጠየቁኝ ጥያቄ ከሳይንቲስቶቹ ጥያቄ አያንስም።

«እንግዲያ ተህዋሱ ዘር ካለው፣ ይህ ልጅ ከማን ቤት ነው የተቀበለው? ያ ቤት ይታወቃ!»

አያችሁ፣ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የዘር ቆጠራውን ከደም ወደ ተህዋስ ስናዛውረው ነውሩንም አብረን ልናዛውረው እንችላለን። ትናንት «ሳል ያለበት ዘር» ያልነው፣ ነገ «ተህዋሱን ያመጣው ቤት» ሊሆን ነው። የልጁን ተህዋስ ፊደል በፊደል ያነበበለት የለም። ቢነበብም ኖሮ ፊደል ስም አይጠራም። ሰንሰለቱን ያሳያል እንጂ በሁለቱ ቀለበት መካከል ያልተመረመረ ሦስተኛ ሰው አለ የለም አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አለ። ስለዚህ ቆጠራው የሚጠቅመን ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም። ያልተመረመረውን ሰው ለማግኘት ነው።

እሱን ደግሞ የት እንደምናገኘው እናውቃለን። አምስትና ስድስት ሆነው በአንዲት ጎጆ የሚያድሩት የቆሎ ተማሪዎች አሉ፤ ምግባቸው ቁራሽ፣ መስኮታቸው በር ነው። ጠበል ቦታ ላይ ለሳምንታት አብረው የሚሰነብቱ ሕሙማን አሉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት በእነዚህ ቦታዎች ከሚያስሉት መካከል ቲቢ ያለባቸውን አግኝተዋል። ጠበሉን ማንም ተው አላለም፤ ከጠበሉ ጎን አክታ መቀበል ነው የሚያስፈልገው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሲወርዱ የኖሩ የጎጃም ወጣቶች አሉ፤ በአንድ ዳስ ተጨናንቀው ያድራሉ፣ ሕመም ሲጠናባቸው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። በ2023 በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ በዘጋ ቁጥር የአንድ ሰው የአንድ ሳምንት ክኒን ብቻ አይደለም የሚቀረው። አዲስ ስሕተት የሚጻፍበት ብራና ነው የሚዘረጋው።

መሣሪያው ግን እንደ ድሮው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የፈቀደው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን እነዚያን 81 ፊደላት ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያነባል። ልጁን ጆሮ ያሳጣው ዓይነት መርፌ ተመራጭነቱ የቀረው ከ2018 ወዲህ ነው። በ2022 ደግሞ ድርጅቱ ለብዙዎቹ ሕሙማን በስድስት ወር የሚያልቅ፣ መርፌ የሌለበት ሕክምና መክሯል። ከዚህ ውስጥ አጠር ያለ ሕክምና ይቻላል ወይ የሚለውን በሙከራ ከፈተኑት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ውጤቱ የታተመው በ2019፣ እኛ ለሽምግልና በሄድንበት ዓመት ነው። ልጁ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ቢታመም ኖሮ ዛሬም ቅኔ ቤት በሆነ ነበር።

ሽምግልናው እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሄድን። መሪጌታ ልባቸው ሳይሞላ፣ ግን ሄዱ። ነገሩን ማን ያንሣው እያልን ስንተያይ የልጅቱ አባት ራሳቸው አነሡት።

«ልጄ ታሞ ነበር፤ ድኗል። ያን ጊዜ ሐኪሞቹ እዚህ ቤት ያለነውን ሁሉ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ መርምረውናል። ነጻ ነን ተብለናል። እዚህ ከተማ ውስጥ እንደኛ ቤት የተመረመረ ቤት መኖሩን እንጃ።» ቀና ብለው መሪጌታን አዩአቸው። «እናንተስ ጌታዬ፣ ተመርምራችኋል?»

መሪጌታ መልስ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም። ሰባት ቤት ድረስ የሰው ዘር ቆጥረን የመጣን ሰዎች፣ ከራሳችን ቤት አንድ ሰው አክታ ሰጥቶ አያውቅም። ሥራዬ ብዬ ሳስተውል መሪጌታ ከመስከረም ጀምሮ ያስሉ ነበር። እኛም ለምደነዋል፤ «የዕጣኑ ጭስ ነው» እንል ነበር። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ሁሉ ይመረመር የሚባለውን በሬዲዮ ስንሰማ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለናል።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታቸውን ሰጡ። ቲቢ አልተገኘባቸውም። ውጤቱን እስኪሰሙ ድረስ ግን ከቤት አልወጡም፤ ከልጅ ልጆቻቸውም ጋር አልበሉም። ምን እንደተሰማቸው አልጠየቅኋቸውም።

ሠርጉ በሚያዝያ ተደረገ። መሪጌታ በዕለቱ ቅኔ አቀረቡ። የሙሽራዋ ወንድም ከፊት ለፊት ተቀምጦ ከንፈራቸውን ይከታተል ነበር። በማግስቱ ቅኔውን በወረቀት ገልብጠው ሰጡት። አነበበው፤ አንድ ቃል ላይ ጣቱን አድርጎ የሆነ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም ሳቁ። ለካስ መሪጌታ ሲገለብጡ አንድ ፊደል ስተዋል።